ውሻ የሚጮኸው በበላበት ነው ወይስ ባደገበት?

የተከበራችሁ እንግዶች፣ በእንስሳት ሕክምና ሙያ ያላችሁ ባልደረቦቼ፣ ውሻ የምታሳድጉ ወገኖቼ፤ በዚህ ጉዳይ ላይ እንድናገር ስጠየቅ መጀመሪያ የታወሰኝ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ያደግነው «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ነው። አባባሉ የሚነገረው ስለ ውሻ ሳይሆን ለጥቅሙ ሲል ስለሚሟገት ሰው እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን ስለ ውሻ ያለንን አስተሳሰብም ሳናውቀው ቀርጾታል። ውሻ ግቢያችንን የሚጠብቀው ፍርፋሪ ስለምንጥልለት ነው ብለን እናምናለን፤ ከዚህም ተነሥተን በሰንሰለት እናስረዋለን፣ ትርፍራፊ እንሰጠዋለን፣ ሌሊት ሲጮኽልንም ውለታውን የከፈለን ይመስለናል። እኔ በሥራዬ ካየሁትና ከተማርኩት በመነሣት ዛሬ የማስረዳችሁ ይህ እምነት ልክ አለመሆኑን ነው። ውሻ ከአውሬና ከሌባ ፊት እንዲቆም የሚያደርገው የሚበላው ምግብ ሳይሆን በሕይወቱ የመጀመሪያ ሳምንታት ከማን ጋር እንዳደገ ነው።

ይህን ከእኛ እጅግ ቀድመው ያስተዋሉ ሰዎች ነበሩ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው መቶ ዓመት የኖረው ሮማዊው ቫሮ ስለ እርሻ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ስለ እረኛ ውሾች የሚናገር አንድ ታሪክ አለ። አንድ ባለጸጋ በመካከለኛው ኢጣሊያ ርቆ በሚገኘው በኡምብሪያ የበግ መንጋ ይገዛል። ውሾቹ ከመንጋው ጋር አብረው ተሸጠዋል፤ የእረኞቹ ድርሻ ግን መንጋውን በደቡብ ኢጣሊያ ወዳለው የሜታፖንቱም ግጦሽ ነድቶ ማስረከብና መመለስ ብቻ ነበር። እረኞቹ አስረክበው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ውሾቹ ማንም ሳይመራቸው ተነሥተው፣ የብዙ ቀን መንገድ ተጉዘው፣ በየሜዳው ያገኙትን እየቀመሱ፣ ኡምብሪያ ድረስ ሄደው ከእረኞቹ ጋር ተገናኙ። አዲሱ ባለቤት በገንዘቡ የገዛቸውን ውሾች የማይመግብበት ምክንያት አልነበረውም። በወረቀት ንብረቱ ሆነዋል፤ በልባቸው ግን የእርሱ አልነበሩም።

ታዲያ ውሻ «የእኔ» የሚለው ማንን ነው? መቼስ ነው የሚወስነው? የዚህን መልስ በጥንቃቄ የፈለጉት በአሜሪካ ሜይን ግዛት፣ በባር ሃርበር በሚገኘው የጃክሰን ላቦራቶሪ ይሠሩ የነበሩት ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር ናቸው። ለረጅም ዓመታት ቡችሎችን ከተወለዱበት ዕለት ጀምሮ እየተከታተሉ ያገኙትን እ.ኤ.አ. በ1965 አሳትመዋል። ቡችላ ዓይኑን የሚገልጠው በ2ኛው ሳምንት ገደማ ሲሆን፣ ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ገደማ ያለው ጊዜ ወገኑን የሚለይበት ጊዜ ነው። በእነዚያ ሳምንታት አጠገቡ ያገኘው ፍጡር፣ ሰውም ይሁን በግ ወይም ዶሮ፣ ዕድሜውን ሙሉ ቤተሰቡ ሆኖ ይቀራል። ጊዜው ካለፈ በኋላ ግን በሩ እየጠበበ ይሄዳል። በዚያው ቤተ ሙከራ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1961 በታተመ ሌላ ጥናት ቡችሎች ከእናቶቻቸው ጋር በረጅም አጥር በተከለለ ሜዳ እንዲያድጉ ተደረገ። ምግብ ይቀርብላቸው ነበር፤ ሰው ግን አይቀርባቸውም ነበር። አንዳንዶቹን በተለያየ ዕድሜ ለአንድ አንድ ሳምንት እያወጡ ከሰው ጋር አቆዩአቸው፤ እነዚህ በቀላሉ ሰው ለመዱ። እስከ 14ኛው ሳምንት ድረስ ሰው ያልነካቸው ግን ሰው ሲጠጋቸው እንደ ዱር አውሬ የሚሸሹ ሆነው ቀሩ። ሰው ያቀረበላቸውን በልተው አድገዋል፤ ሰውን ግን አላወቁትም። ስለ ውሻ ታማኝነት የሚጠይቀኝ ሰው ሲኖር ሁልጊዜ የማነሣው ይህን ጥናት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ፣ ወደ መንጋ ጠባቂ ውሾች ልግባ። የጥበቃ ባሕርይ ከእነርሱ በላይ ጎልቶ የሚታይበት ፍጡር አላውቅም። በቱርክ ሲቫስ ግዛት ካንጋል፣ በመካከለኛው ኢጣሊያ ማሬማ፣ በፈረንሳይና በስፔን መካከል ባለው ተራራ የፒሬኒስ ውሻ የሚባሉት ዝርያዎች ለብዙ ዘመናት ተኩላና ድብ ባለበት አገር ከበግ ጋር ሲኖሩ የቆዩ ናቸው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያምታታው ነገር አለ። በግ የሚነዳ ውሻና በግ የሚጠብቅ ውሻ አንድ አይደሉም። አውሬ ሲያድን በተርታ የሚያደርጋቸው ነገሮች አሉ፤ አነጣጥሮ ያያል፣ ያደባል፣ ያባርራል፣ ይይዛል፣ ይገድላል። እንደ ቦርደር ኮሊ ባሉት ነጂ ውሾች ዘንድ ማፍጠጡ፣ ማድባቱና ማባረሩ ሆን ተብሎ በእርባታ ጎልቶ እንዲወጣ ተደርጓል፤ በጉ የሚነዳውም ያ ዓይን አውሬ ስለሚመስለው ነው። በጠባቂዎቹ ዘንድ ግን ይህ የአደን ስሜት ከሞላ ጎደል ደብዝዟል። ጠባቂ ውሻ በበጎች መካከል ሲያልፍ አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ ዓይኑን ሰብሮ፣ ቀስ ብሎ ነው።

የዚህ ባሕርይ አጀማመር በቅርብ ሲታይ ልብ ይነካል። 8 ሳምንት የሞላው ቡችላ ወደ በጎች በረት ይገባል። ለአንዲት እናት በግ ይጠጋና ጆሮውን ወደ ኋላ ጥሎ አፏን መላስ ይጀምራል፤ ቡችላ እናቱን የሚለምነው እንዲህ ነው። በጓ ግልገሏን የሚነካ መስሏት በግንባሯ ትመታዋለች። እርሱም ተንከባልሎ ይወድቅና ሆዱን ወደ ሰማይ ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ ዝም ይላል። ትንሽ ቆይቶ ይነሣል፤ ተመልሶ ይጠጋል፤ እንደገና ትመታዋለች። ከቀናት በኋላ ሁለቱም ይለማመዳሉ፤ ሌሊት ሲበርድ ቡችላው በሱፋቸው መሐል ተሸጉጦ ያድራል። ታሪኩ ግን እዚህ አያበቃም፤ እረኛ ሁሉ የሚቸገርበት ጎረምሳነት ገና ይመጣል። ከግማሽ ዓመቱ ጀምሮ ውሻው መጫወት ያምረዋል፤ ግልገል ያባርራል፣ ጆሮ ይጎትታል፣ ሱፍ ይነጫል። በዚህ ጊዜ የሚገሥጸው ሰው ካላገኘ ጨዋታው ልማድ ሆኖበት መንጋውን ራሱ ሊያጠፋ ይችላል። በቂ ክትትል ያገኘው ውሻ ግን 2 ዓመት ገደማ ሲሆነው ይረጋና ሥራውን የሚያውቅ ጠባቂ ይወጣዋል። ብዙ ጥሩ ውሾች የሚበላሹት እነዚህን ወራት የሚታገሥ ሰው በማጣት ነው።

ይህን የአሮጌው ዓለም ጥበብ ወደ አዲሱ ዓለም ያሻገሩት የሃምፕሻየር ኮሌጅ ተመራማሪዎች ሬይመንድ ኮፒንገርና ባለቤታቸው ሎርና ኮፒንገር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1972 የአሜሪካ መንግሥት በፌዴራል መሬቶች ላይ አዳኝ አውሬን በመርዝ መግደልን ከለከለ፤ በግ አርቢዎችም ኮዮት የሚባለውን አውሬ የሚከላከሉበት ሌላ ዘዴ አስፈለጋቸው። ኮፒንገሮች በዚያው አሥርት ዓመት ማብቂያ ላይ ከአውሮፓና ከቱርክ ያመጧቸውን ውሾችና ልጆቻቸውን ለአርቢዎች ማከፋፈል ጀመሩ፤ የተከታተሏቸው ውሾች ቁጥርም በጊዜ ብዛት ከ1,000 በላይ ደረሰ። ከዚህ ሥራቸው ያገኙትን ትምህርት በሦስት ቃላት ያስቀምጡታል፤ አለመለየት፣ አለመጉዳትና መጠበቅ። ከመንጋው የማይለይ፣ መንጋውንም የማይጎዳ ውሻ፣ ሦስተኛውን፣ መጠበቁን፣ እንደ የተለየ ሙያ ማንም አያስተምረውም። ከሁለቱ ተከትሎ ይመጣል። እኔ በዚህ ነገር ሁልጊዜ እደነቃለሁ፤ እኛ ውሻን ጠባቂ ለማድረግ የምንጀምረው ቁጣን በማስተማር ነውና።

ጥበቃው ራሱ እንዴት እንደሆነ በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱት። ጀንበር ስትጠልቅ ቀኑን ሙሉ የተኛ የሚመስለው ውሻ ይነሣና በመንጋው ዙሪያ መሄድ ይጀምራል፤ በየመንገዱ ሽንቱን እየጣለ ወሰኑን ያሳውቃል። የባዕድ ሽታ ሲመጣ በወፍራም ድምፅ ደጋግሞ ይጮኻል። አውሬው ካልተመለሰ ጅራቱን አቁሞ ወጥቶ በአውሬውና በመንጋው መካከል ይቆማል። ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚያው ያበቃል፤ አዳኝ አውሬ እንዳይታይ እያደባ የሚኖር ነውና አንድ ጊዜ ከታየና ከተቋረጠ ወደ ሌላ ቦታ ሄዶ ዕድሉን መሞከር ይቀለዋል። ጥርስ ለጥርስ መያያዝ የመጨረሻው ነገር ነው። ለዚያ የመጨረሻ ሰዓት የቱርክ እረኞች በካንጋሎቻቸው አንገት ላይ ሾሉ ወደ ውጭ የወጣ የብረት አንገትጌ ያደርጉላቸዋል፤ ተኩላ ሲይዝ የሚይዘው ጉሮሮን ስለሆነ ነው።

ከአህጉራችን ደግሞ ናሚቢያን ላንሣ። በዚያ አገር አርቢዎች ፍየልና ጥጃ ይበላብናል ብለው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አቦሸማኔን በሺዎች ጨርሰውት ነበር። በሎሪ ማርከር የተመሠረተው የአቦሸማኔ ጥበቃ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1994 ከቱርክ የመጣ ዝርያ የሆኑትን የአናቶሊያ ጠባቂ ውሾች ለአርቢዎች መስጠት ጀመረ፤ ከዚያ ወዲህ ከ600 በላይ ቡችሎችን አሠማርቷል። ውሻ የተሰጣቸው አርቢዎች በአውሬ የሚደርስባቸው ጉዳት ከ80 በመቶ በላይ እንደቀነሰላቸው ድርጅቱ ይገልጻል። አቦሸማኔ በፍጥነቱ የሚኖር፣ እግሩ ከተጎዳ በረሃብ የሚሞት እንስሳ ስለሆነ ከውሻ ጋር አይታገልም፤ ጩኸቱን ሲሰማ ይርቃል። አርቢውም ፍየሎቹ ሲተርፉለት ጠመንጃውን አያነሣም። አንድ ውሻ ፍየሉንም፣ ፍየሉን ሊበላ የመጣውንም አውሬ ያተርፋል ማለት ነው።

በአውስትራሊያ ዋርናምቡል ከተማ አጠገብ ያለችው ሚድል አይላንድ ታሪክ ደግሞ ከዚህም ያስገርማል። በዚያች ትንሽ ደሴት በመቶዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ፔንግዊኖች ነበሩ። ባሕሩ ሲጎድል ቀበሮዎች ተሻግረው እየፈጇቸው እ.ኤ.አ. በ2005 ከ10 የማይበልጡ ወፎች ቀሩ። አለን ማርሽ የተባሉ ዶሮ አርቢ ግን ዶሮዎቻቸውን የሚጠብቁላቸው ማሬማ ውሾች ነበሯቸው፤ «ዶሮ የጠበቀ ውሻ ፔንግዊንን የማይጠብቅበት ምክንያት የለም» የሚል ሐሳብ አመጡ። እ.ኤ.አ. በ2006 የመጀመሪያዋ ውሻ ደሴቲቱ ላይ ገባች። ጥበቃው ሲቀጥል የፔንግዊኖቹ ቁጥር ተመልሶ ከ100 በላይ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2017 ውሾቹ በሌሉበት ወቅት ቀበሮዎች ተመልሰው ገብተው እንደገና ብዙ ወፎችን ፈጁ። ፔንግዊን ለውሻ ፍርፋሪ አይሰጥም። ውሻዋ የጠበቀቻቸው ከወፍ ጋር ስላደገችና የወፍ ድምፅና ሽታ የቤቷ ስለሆነ ነው።

እንግዲህ ወደ ራሳችን ግቢ እንመለስ። አዲስ አበባ ውስጥ ውሻ የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ የሚጠይቀው ዘሩን ነው። የፈረንጅ ውሻ ከሆነ፣ ማለትም ጀርመን ሼፐርድ፣ ሮትዋይለር ወይም ዶበርማን ከሆነ፣ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ዘር ምንም አይደለም አልልም። ዶበርማን በጀርመን አፖልዳ ከተማ ሉዊ ዶበርማን የተባለ ግብር ሰብሳቢ ለጥበቃ ብሎ ያራባው ውሻ ነው፤ የካንጋልም የአደን ስሜት መደብዘዝ በዘር የመጣ ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ የታተመና ከ18,000 በላይ ውሾችን ባለቤቶቻቸውን በመጠየቅ ያካተተ ጥናት እንዳሳየው፣ በአንድ ውሻና በሌላው መካከል ከሚታየው የባሕርይ ልዩነት ዝርያው የሚያስረዳው 9 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። የሐበሻ ውሻ ብለን የምንንቀው የሰፈር ውሻ በደንብ ካደገ ለጥበቃ የሚያንስበት ምክንያት አላይም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አባወራ እያዘነ ወደ እኔ መጣ። «ዶክተር፣ ዘሩ ንጹሕ ነው ብለው ነው የሸጡልኝ፤ ታዲያ ልጄን ለምን ነከሰው?» አለኝ። ውሻውን ለማየት ከቤቱ ሄድኩ። ጀርመን ሼፐርድ ነው፤ ከቆርቆሮ በተሠራ ቤት አጠገብ በአጭር ሰንሰለት ታስሯል። ሰንሰለቱ እስከሚደርስበት ድረስ መሬቱ እንደ አውድማ ክብ ሆኖ ተልጧል። የአንገቱ ጠጉር አልቆ ቆዳው ይታያል። የታሰረው በ3 ወሩ ነው፤ «ሰው ከለመደ አይናከስም» ብለው ስለመከሩት ከዚያ ወዲህ ከሠራተኛዋ በቀር ማንም አይቀርበውም ነበር። ልጁ ኳሱን ሊያነሣ ወደዚያ ክብ ገባ። ለውሻው ልጁ ባዕድ ነው፤ ማምለጫም የለውም፤ ስለዚህ ነከሰ። በአሜሪካ ዴንቨር ከተማ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ ጥናት ሰው የነከሱ ውሾችን ካልነከሱት ጋር ሲያወዳድር፣ የነከሱት በግቢ ውስጥ ታስረው የሚውሉ ሆነው የመገኘታቸው ዕድል ወደ 3 እጥፍ ይጠጋ ነበር። አባወራው የገዛው ውሻ ጥሩ ውሻ ነበር። ነገር ግን የሚጠብቀውን ቤተሰብ እንዲያውቅ አልተፈቀደለትም።

የፈራ ውሻና የሚጠብቅ ውሻ ሲጮኹ ለሩቅ ሰው አንድ ይመስላሉ፤ ቀርቦ ላየ ግን ልዩነታቸው ግልጽ ነው። የፈራው ጅራቱን ወደ ውስጥ ቀብሮ፣ ወደ ኋላ ወደ ኋላ እያለ፣ ያለ ማቋረጥ ይጮኻል፤ ጀርባውን ስትሰጠው ደግሞ ይነክሳል። የሚጠብቀው ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ጮኾ ያዳምጣል፣ ባለቤቱን ዞር ብሎ ያያል። ያ ዞር ብሎ ማየት ትልቅ ነገር ነው። በቪየና ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ውሾች ባለቤታቸው አጠገባቸው ሲሆን በተሰጣቸው ሥራ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ እንደሚጸኑ አሳይቷል፤ ይህም ሕፃን ልጅ እናቱ አጠገቡ ስትሆን ከሚያገኘው ድፍረት ጋር የሚመሳሰል ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ በጃፓን የአዛቡ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ውሻና ባለቤቱ ዓይን ለዓይን ሲተያዩ እናትና ልጅን የሚያስተሳስረው ኦክሲቶሲን የተባለ ሆርሞን በሁለቱም ዘንድ እንደሚጨምር አገኙ። ከሰው ጋር ባደጉ ተኩላዎች ዘንድ ይህ አልታየም።

አንድ ተጨማሪ ነገር ሳልናገር ብወርድ ሙያዬን እበድላለሁ። ውሻ እኛን ሲጠብቅ እኛም እርሱን የምንጠብቅበት ግዴታ አለብን፤ ከሁሉም አስቀድሞ ከእብድ ውሻ በሽታ። ባሌ ተራሮች ላይ የእረኞች ውሾች በጎችንና ከብቶችን ከጅብ ይጠብቃሉ። በዚያው ከፍታ ላይ ከ500 እምብዛም የማይበልጠው የዓለማችን የቀይ ቀበሮ ቁጥር አብዛኛው ይኖራል። በሽታው ከውሾቹ ወደ ቀበሮዎቹ እየተላለፈ ደጋግሞ ፈጅቷቸዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2003 የጀመረው ወረርሽኝ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ጨርሷል። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ በየመንደሩ እየዞሩ የእረኞችን ውሾች የሚከትቡ ባለሙያዎች አሉ፤ ሥራቸው ውሻውንም፣ እረኛውንም፣ ቀበሮውንም በአንድ መርፌ የሚያድን ነው። እናንተም ውሻችሁን በየዓመቱ አስከትቡ። ሰውን የሚጠብቅ ውሻ ለሰው ሞት ምክንያት ሲሆን እንደማየት የሚያሳዝን ነገር በሥራዬ አላጋጠመኝም።

በመጨረሻ ባለፈው ክረምት ያየሁትን ልንገራችሁ። ቤቶቹ ፈርሰው ነዋሪዎቹ ወደ ኮንዶሚኒየም በተዛወሩበት በአንድ ሰፈር ሳልፍ፣ የአንድ ግቢ በር ከነበረበት ቦታ ላይ አንድ ቡናማ የሐበሻ ውሻ ተኝቶ አየሁ። በሩ የለም፤ አጥሩ የለም፤ ቤቱም የለም። የቀሩት ሁለት የደፍ ድንጋዮች ብቻ ናቸው። ከመንገዱ ማዶ በቆሎ እሸት የምትጠብስ እናት ስለ ውሻው ጠየቅኋት። «ባለቤቶቹ ከሄዱ ሦስት ወር አልፏቸዋል፤ ፎቅ ላይ ውሻ አይገባም ተብለው ነው» አለችኝ። «ምግቡን እኔ ነኝ የምሰጠው። ጧት ይመጣል፣ ይበላል፣ ይመለሳል። እዚህ እደር ብለው እምቢ አለኝ።» እርሷ ዘንድ ሲመጣና ሲሄድ አንድ ቀን እንኳ ጮኾ እንደማያውቅ ነገረችኝ። እያወራን ሳለ አንድ ልጅ መንገድ ለማሳጠር ብሎ በሁለቱ ድንጋዮች መካከል ሊያልፍ ሞከረ። ውሻው ተነሣና ቀጥ ብሎ ቆሞ ሁለት ጊዜ ጮኸ። ልጁ ዞሮ በዳር አለፈ። ውሻውም ራቅ እስኪልለት ከተመለከተው በኋላ ጀርባውን ለባዶው መሬት፣ ፊቱን ለመንገዱ ሰጥቶ እንደገና ተኛ።